የእሳት አደጋ ጣቢያ አንድ ቀን በቡና አገር

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው የእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያ አንድ ቀን እንዴት እንደሚያልፍና የዚያም ቀን ሥራ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች የራሱ የሆነ ጠባይ የሚይዝበትን ምክንያት ነው። ስለ ቡና አተካከል፥ ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፥ ስለ ሂርማታ ገበያ ብዙ ተጽፏል። ስለ እሳት ግን የሚጻፈው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን የጠፋውን ንብረት ከመቁጠር እምብዛም አያልፍም። እኛ እሳቱ ከመነሣቱ በፊት ባለው ሰዓት ላይ ጥቂት ለመቆየት እንወዳለን፤ የጣቢያ ሥራ አብዛኛው የሚሠራው በዚያ ሰዓት ነውና። የምንገልጸው ቀን ከአንድ ጣቢያ መዝገብ የተቀዳ አይደለም። ሥራው በማናቸውም ጣቢያ የሚጠይቀውን ሥርዓት ወስደን፥ በጅማ መሬት፥ በጅማ ቤትና በጅማ ቡና ላይ አስቀምጠን የምንመለከተው ነው።

እሳትን በተደራጀ ኃይል መከላከል በዓለም ላይ ረዥም ታሪክ አለው። የሮም ቄሣር አውግስጦስ በ6 እ.ኤ.አ. ሌሊት ሌሊት ከተማውን እየዞሩ እሳት የሚጠብቁ ጭፍሮች አቋቁሞ ነበር። በኋለኛው ዘመን ደግሞ በስኮትላንድ አገር በኤዲንብራ ከተማ በ1824 እ.ኤ.አ. ጄምስ ብሬድውድ የተባለ ሰው በከተማው የሚተዳደር የእሳት አደጋ ጭፍራ መርቶ፥ ሰዎቹን በየጊዜው ልምምድ ያስደርግ ነበር። ሠራተኞቹን የመረጠው ከጣራ ሠሪዎች፥ ከአናጢዎችና ከግንበኞች መካከል ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው ቤት እንዴት እንደሚፈርስ ያውቃል ብሎ ነው። ስለዚህ ሰው ወደ ኋላ ደግመን እናነሣለን።

በአገራችን ግን ከጥንት ጀምሮ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ጎረቤት ነው። በጅማ አካባቢ አንድ ሰው በኦሮምኛ «ኢቢዳ!» ወይም በአማርኛ «እሳት! ድረሱ!» ብሎ የጮኸ እንደ ሆነ፥ የሰማው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። አንዱ ውሃ በባልዲ፥ አንዱ እርጥብ የኮባ ቅጠል፥ አንዱ አፈር በአካፋ ይዞ ይመጣል፤ ጉልበት ያለውም የሚቀጥለው ቤት ጣራ ላይ ወጥቶ እሳቱ እንዳይዛመት ሳሩን ይገፍፋል። ይህ ሥራ ሊናቅ አይገባውም። ለሳር ቤት የተስማማ ጥበብ ነው። በገጠር መንደር ቤትና ቤት በጓሮ፥ በኮባና በቡና ዛፍ ስለሚለያይ፥ እሳቱ አንዱን ቤት ቢበላ እንኳ ሌላውን ለማዳን ጊዜ ይገኛል። ከተማ ሲቆረቆር ግን ይህ ርቀት ጠፋ። ሥርዓት የፈረሰበት ከተማ በእሳት ፊት ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. አይታዋለች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከተነሡ ጀምሮ የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ ከተማይቱ ስትዘረፍና ስትቃጠል ሰንብታለች።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ቤተ መንግሥቱ በጂረን ኮረብታ ላይ ሲሆን ገበያው ከታች በሂርማታ ነበር፤ የዛሬይቱ ከተማ በጣልያን ወረራ ዘመን የተስፋፋችው በዚሁ ገበያ ዙሪያ ነው። የአዌቱ ወንዝ መካከሏን ሰንጥቆ ያልፋል። በሂርማታ መርካቶ ወይም በመንቲና በኩል የሚሄድ ሰው የሚያየው አብዛኛው የቆየ ቤት በባሕር ዛፍ ማገርና በጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ጭቃው ራሱ አይቃጠልም፤ በደንብ የተመረገ ግድግዳ እሳትን ጥቂት ደቂቃ ሊያግድ ይችላል። ችግሩ ከግድግዳው በላይ ነው። ሱቆቹ ተያይዘው በአንድ ጣራ ሥር ስለሚሠሩ፥ ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ብቻ ደርሶ ይቆምና ከኮርኒሱ በላይ ከመጀመሪያው ሱቅ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ አንድ ባዶ ቦታ ይቀራል። ኮርኒሱም ብዙ ጊዜ ከአቡጀዲ፥ ከማዳበሪያ ጆንያ ወይም ከስስ እንጨት የተሠራ ነው። እሳቱ አንድ ጊዜ ኮርኒሱን በስቶ ወደዚያ ባዶ ቦታ ከገባ፥ ቆርቆሮው ትኩሱን ጭስ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለሚከለክለው ወደ ጎን ይሮጣል። ስለዚህ እሳቱ የተነሣው በአንደኛው ሱቅ ሆኖ ሳለ ጭሱ ከአራተኛው ሱቅ ጣራ ሥር ሲወጣ ይታያል። ሕዝቡ ውሃውን ጭስ ባየበት ላይ ሲደፋ እሳቱ ግን ሌላ ቦታ ሥራውን ይሠራል። በዚህ ላይ ጅማ በባለ ሦስት እግር በርጩማዋና በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ስለ ሆነች፥ ሰጋቱራና የደረቀ ሳንቃ የሞላባቸው የአናጢ ቤቶች በየመንደሩ አሉ። በቤት ውስጥም ከሰል ምድጃው፥ ኩራዙ፥ በስስ ሽቦ የተሳበው የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ ይህን አንባቢው ከእኛ ይልቅ በየቤቱ ያውቀዋል።

የጣቢያው ቀን የሚጀምረው በርክክብ ነው። በብዙ ጣቢያ አንድ ፈረቃ ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል፤ ጧት ከሥራ የሚወጣው ተረኛ ለሚገባው ተረኛ ዕቃውን እየቈጠረ ያስረክባል። የቦቴው ውሃ፥ ነዳጁ፥ ባትሪው፥ የጎማው ንፋስ፥ ቱቦዎቹ፥ መሰላሉ፥ መጥረቢያው፥ የመተንፈሻ መሣሪያው ጠርሙስ ግፊት አንድ ባንድ ይታያል። ቦቴው ሙሉ ነው ብሎ መናገር አይበቃም፤ ክዳኑ ተከፍቶ ይታያል። ሞተሩ ተነሥቶ፥ የውሃ መሳቢያው ተያይዞ፥ ውሃ ተረጭቶ ይሞከራል። ይህ ሁሉ ከውጭ ለሚመለከተው ሰው አሰልቺ ነው፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች በደወል ተነሥተን አልጋችንን ለተረኛ ስናሳይ እናጉረመርም የነበረውን ያስታውሰናል። ዳሩ ግን የሞተ ባትሪ መገኘቱ አይቀርም። የሚገኘው በርክክብ ጊዜ ወይም ሰው ቤት እየተቃጠለ ሲጠራ ነው።

ከርክክብ በኋላ ልምምድ ነው። ከሁሉ የሚደጋገመው የቱቦ ልምምድ ነው። የእሳት አደጋ ቱቦ ብዙ ጊዜ 20 ሜትር ያህል ርዝመት ኖሮት፥ ከመካከሉ ተጥፎ ሁለቱ ጫፎቹ በውጭ በኩል እንዲቀሩ ሆኖ ይጠቀለላል። ሠራተኛው ሁለቱን ጫፎች በእጁ ይዞ ጥቅሉን ወደ ፊት ሲለቀው እየተተረተረ ይሄዳል፤ አንዱ ጫፍ ወደ መኪናው፥ አንዱ ወደ እሳቱ ይሆናል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቱቦው ከተጠማዘዘ ወይም ከተቈለፈ ውሃው ሲለቀቅ መንገዱ ላይ ይታነቃል፤ ውሃ ያልገባበትን ቱቦ ማቃናት የአንድ ሰው ሥራ ሲሆን ግፊት የገባበትን ግን ብዙ ሰው ይታገለዋል። አፈሙዙን የሚይዙትም ሁለት ናቸው፤ ፊተኛው ውሃውን ያነጣጥራል፥ ኋለኛው በትከሻው ይደግፈዋል። ውሃ በኃይል ወደ ፊት በወጣ ቁጥር የያዘውን ሰው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋዋልና፥ ብቻውን የያዘ ሰው ሊወድቅ፥ የወደቀውም አፈሙዝ እንደ እባብ ተገርፎ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

የቱቦዎቹ መገጣጠሚያ የተለየ ቃል ይገባዋል። በየካቲት 1904 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ ስትቃጠል ከዋሽንግተንና ከሌሎች ከተሞች ለርዳታ የመጡት መኪናዎች ቱቦ ከባልቲሞር የውሃ ቧንቧ ጋር አልገጥም ብሎ ረዳቶቹ እጃቸው ታስሮ ቆሙ። ጀርመን፥ እንግሊዝና ኢጣልያ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መገጣጠሚያ አላቸው። መኪናውን ከአንዱ፥ ቱቦውን ከሌላው የሚገዛ ወይም በስጦታ የሚቀበል ከተማ፥ መካከለኛ ማገናኛ አስቀድሞ ካላዘጋጀ የባልቲሞር ዕጣ ይደርሰዋል። ነገሩ ትንሽ ብረት ነው፤ ነገር ግን በመዝገብ ላይ «ሁለት መኪና አለ» ተብሎ የተጻፈው በእውነቱ ሁለት ይሁን አንድ የሚታወቀው በዚህች ብረት ነው።

አሁን ወደ አዌቱ እንውረድ። ጣቢያው የቦቴው ውሃ ሲያልቅ ከወንዝ ለመሳብ መለማመድ አለበት፤ እዚህ ላይ የጅማ ከፍታ ራሱ ጣልቃ ይገባል። ብዙ ሰው መሳቢያው ውሃውን «የሚጎትተው» ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፤ መሳቢያው በወፍራሙ ቱቦ ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፥ በወንዙ ፊት ላይ የሚጫነው የከባቢ አየር ክብደት ደግሞ ውሃውን ወደ ባዶው ቱቦ ይገፋዋል። በባሕር ወለል ላይ ይህ ክብደት ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ሊያነሣ ይችላል። በጅማ ከፍታ ላይ የአየሩ ክብደት በባሕር ወለል ካለው አምስት እጅ አራቱ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ወሰኑ ወደ 8.3 ሜትር ይወርዳል። በቱቦው ውስጥ የሚባክነውና በመገጣጠሚያው የሚሾልከው ሲቀነስ፥ በተግባር የሚገኘው ከ6 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በባሕር ዳር አገር የተጻፈ መመሪያ «ከሰባት ሜትር ጥልቀት ሳብ» ቢል፥ በጅማ ከድልድይ ላይ ቆሞ ይህን የሚሞክር ሠራተኛ ሞተሩ እየጮኸ ውሃ አያገኝም፤ መሳቢያው የተበላሸም ይመስለዋል። መድኃኒቱ ወንዙ ዘንድ ዝቅ ብሎ መኪና የሚቆምበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅና በክረምት ጭቃው እንዳይውጠው ድንጋይ ማንጠፍ ነው። ወንዙ ሲያንስ በበጋ ደግሞ የቱቦው አፍ አየር እንዳይስብ ጉድጓድ ቈፍሮ ውሃ ማቆር ያስፈልጋል። ያለ አየር መግፊያ የሚሠራ ሞተርም በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 10 ያህል እንደሚቀንስ በዚህ ላይ ይታሰብ።

ውሃ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስብ በቁጥር ማየት ይቻላል። 5,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ በደቂቃ 400 ሊትር በሚረጭ አንድ አፈሙዝ ቢሠራ የሚቆየው አሥራ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው፤ በሁለት አፈሙዝ ከሆነ ስድስት ደቂቃ። አንድ ሊትር ውሃ ሞቆና ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ 2.6 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። አንድ ኪሎ የደረቀ እንጨት ደግሞ ሲቃጠል 16 ወይም 17 ሜጋጁል ይሰጣል። ከዚህ ላይ እንደምናየው፥ አንድ ሙሉ የአናጢ ቤት ከተያያዘ በኋላ በቦቴ ውሃ ልናጠፋው ብንል ሒሳቡ አይመጣም። የሠለጠነ ሠራተኛ ውሃውን ነበልባሉ ላይ አይደፋም። የሚቃጠለውን ነገር ፊት ያቀዘቅዛል፥ ወይም ውሃውን አድቅቆ ይረጨውና 1,700 ጊዜ ያህል ወደሚበልጥ እንፋሎት እንዲለወጥ ያደርገዋል፥ ወይም የሚቃጠለውን ትቶ ገና ያልተያያዘውን ያርሳል። ይህ ሦስተኛው ከሕዝብ ጋር የሚያጣላ ነው። የሰው ቤት እየነደደ ሳለ ሠራተኛው የጎረቤቱን ደህና ግድግዳ ውሃ ሲያጠጣ ያየ ባለቤት ቢሳደብ አይፈረድበትም፤ ሠራተኛውም ቢሆን በዚያ ሰዓት የሚያስረዳበት ጊዜ የለውም።

የጭስ ልምምድ በዐይን ሽፋን ወይም በጨለማ ቤት ይደረጋል። ሠራተኛው በጕልበቱ እየዳኸ አንድ እጁን ከግድግዳው ሳያነሣ ይገባል፤ ሲመለስ በሌላው እጁ ያንኑ ግድግዳ ይዞ ይወጣል። ስድስት ሊትር በሚይዝና በ300 ባር በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ 1,800 ሊትር ያህል አየር አለ። በርጋታ ለሚተነፍስ ሰው ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል የሚበቃው፥ መሰላል ለሚወጣና ሰው ለሚሸከም ሰው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ጠርሙሱም ሲያልቅ እንደ ገና የሚሞላበት መኪና በአካባቢው ከሌለ ልምምዱን በሙሉ አየር ማድረግ ቅንጦት ይሆናል።

እንግዲህ ቡናው ላይ ደረስን፤ ጅማን ከሌላ ከተማ የሚለየው ይህ ነው። በጅማ አካባቢ ዝናቡ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ አገሩ እርጥብ ነው፥ እሳት አያስፈራም የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፥ ዝናቡ ከቆመ በኋላ ነው። ወንዙ በሚያንስበት፥ ሣሩ በሚደርቅበት፥ ከተማውም በቡና፥ በጆንያና በገንዘብ በሚሞላበት ወራት ማለት ነው። ሳይታጠብ በፀሐይ የደረቀው ጀንፈል ወደ መፈልፈያ ሲገባ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይወጣል። አንድ መቶ ኩንታል ጀንፈል የፈለፈለ መኪና ሃምሳ ኩንታል ያህል ገለባ በጓሮው ይከምራል። በወቅቱ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት ወይም በጅማ መውጫ ላይ ያለ ሰው ከቤት የሚበልጥ የገለባ ክምር ማየት አያስደንቀውም። አንዳንዱ ለማዳበሪያነት ወይም ለማገዶ ይሄዳል፤ የቀረውን ለማስወገድ ብዙ ጊዜ እሳት ይለቁበታል፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

የገለባ ክምር እሳት ነበልባል የለውም ለማለት ይቻላል። ውስጥ ለውስጥ ይጤሳል። ላዩ አመድ ሆኖ የጠፋ መስሎ ሳለ ከሥሩ ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ነፋስ አመዱን ሲገልጥለት ፍሙ ወደ ጎረቤት ጣራ ይበራል። ሰው ሳይለኩሰውም ሊነሣ ይችላል። እርጥበት ያለው ገለባ በብዛት ሲከመር በዐይን የማይታዩ ሕዋሳት ያፈሉታል፤ ክምሩ ትልቅ በሆነ ቁጥር ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ወደ 70 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። ሕዋሳቱ እዚያ ላይ ይሞታሉ፤ ገለባው ግን ከአየር ጋር እየተዋሐደ በራሱ መሞቁን ይቀጥላል። የሣር ክምር ያለው ገበሬ እርጥብ ሣር መከመርን የሚፈራው ስለዚህ ነው። ሠራተኛው እንዲህ ወዳለው ክምር ሲጠራ ውሃ በኃይል ቢለቅበት ሁለት ጉዳት ይመጣል፤ ውሃው አንዲት ቦይ ቀድዶ ወርዶ ይጠፋና ፍሙ በግራና በቀኝ እንዳለ ይቀራል፥ ደግሞም የተበተነው ደቃቅ አቧራ ከፍሙ ጋር ሲገናኝ በአንድ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ውሃውን እንደ ካፊያ እየረጩ ክምሩን በአካፋና በመንሽ ንጣፍ በንጣፍ መገልበጥ ነው። በክምሩ ላይ መራመድም ክልክል ነው፤ ውስጡ ተቃጥሎ ባዶ የሆነ ቦታ ሰውን ይውጣል። ከሚጤስ ገለባ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው፥ የጭሱን ሽታ የለመደ ሠራተኛ ምንም የለም ብሎ ሊወድቅ ይችላል።

መጋዘኑ ከዚህ ይከብዳል። ቡና በጆንያ ተደርድሮ እስከ ጣራው አጠገብ ይደርሳል፤ የጆንያው ቃጫ ራሱ እንደ ገለባው ውስጥ ለውስጥ የሚጤስ ነገር ነው። እዚህ ላይ ስለ ብሬድውድ እናንሣ። ይህ ሰው ከኤዲንብራ ወደ ለንደን ተዛውሮ የከተማውን የእሳት አደጋ ጭፍራ ይመራ ነበር። ሰኔ 22 ቀን 1861 እ.ኤ.አ. በቴምዝ ወንዝ ዳር በቱሊ ስትሪት ያሉት መጋዘኖች ተቃጠሉ፤ በውስጣቸው ቃጫ፥ ጥጥ፥ ስኳር፥ ሻይ፥ ሞራና ሌላም ሸቀጥ ነበረ። እሳቱን ለማገድ የተሠሩት የብረት በሮች ክፍት ተትተው ነበር። ብሬድውድ ሰዎቹን ሲያበረታታ ግንብ ተንዶበት በዚያው ሞተ፤ እሳቱም ፈጽሞ እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ያህል ወሰደ። የመጋዘን እሳት የሚገድለው ብዙ ጊዜ በነበልባል ሳይሆን በግድግዳና በቁልል መናድ ነው። ቡና ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ይከብዳል፤ የታችኛው ጆንያ ሲቃጠል የላይኛው ቁልል ያዘነብላል። ስለዚህ በቁልሎች መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ሠራተኛ ማስገባት አዛዡ ሁለት ጊዜ የሚያስብበት ነገር ነው።

ከዚህም ሌላ የቡና ነጋዴው የሚያውቀው፥ ሠራተኛው ግን በሥልጠና ካልተነገረው የማያውቀው ነገር አለ። ንጹሕ ቡና ለመጋዘን የሚበቃው እርጥበቱ ከመቶ 11 ወይም 12 ሲሆን ነው። ውሃ ከነካው በጥቂት ቀናት ይሻግታል፤ ጭስ ከገባበት ደግሞ ጣዕሙ ተበላሽቶ ቀማሹ ይጥለዋል። እሳቱ አሥር ጆንያ አቃጥሎ ቢጠፋ፥ ውሃውና ጭሱ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ሊያበላሹ ይችላሉ። ስለዚህ ከፈረቃው ሁለት ሰው ከአፈሙዝ ተነሥቶ ሸራ በቁልሉ ላይ ቢያለብስ፥ በር ከፍቶ ጭስ ቢያስወጣ፥ የወለሉን ውሃ ቢጠርግ፥ የሚያድነው ንብረት ውሃ ከሚረጨው ሰው ላያንስ ይችላል። ገበሬው ለሰብሳቢ፥ ሰብሳቢው ለአቅራቢ በእምነት የሰጠው፥ ዋጋው ገና ያልተከፈለ ቡና በዚያ መጋዘን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ያ ቡና ከተበላሸ የሚጎዳው የመጋዘኑ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪና የዓመት ቀለቡን በዚያ ጆንያ ያሰበ ሰው ከዚያው ርቆ ተቀምጧል፤ መጋዘኑ መቃጠሉንም የሚሰማው በማግሥቱ ነው።

ቀትር ካለፈ በኋላ ጣቢያው ቤት ይመስላል። ምሳ በጋራ ይሠራል፥ ልብስ ይታጠባል፥ ቡና ይፈላል፤ ካርታ የሚጫወትም አለ። ልብሱን ለብሶ የሚተኛ፥ ጫማውን ሱሪው ውስጥ እንዳለ ከአልጋው ሥር የሚያቆም ሰው ከሰነፍ ጋር ሊታይ አይገባም፤ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ደወል ሲደወል ከእንቅልፍ ተነሥቶ በአንድ ደቂቃ መኪና ላይ መሆን ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዕረፍት ሙሉ ዕረፍት አይደለም። የሚጠሩበትም ነገር ሁልጊዜ እሳት አይደለም፤ በከተሞቻችን ጉድጓድ የገባን ሰው ማውጣት፥ ወንዝ የወሰደውን መፈለግ፥ ከተገለበጠ መኪና ውስጥ ሰው ማላቀቅ የዚሁ ሠራተኛ ሥራ ነው።

ጥሪው ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት?» የሚለው ነው። በአዲስ አበባ ለዚህ 939 የሚባል አጭር የስልክ ቁጥር አለ። በከተሞቻችን ሰው ቤቱን በመንገድ ስምና በቁጥር ሳይሆን በመስጊድ፥ በቤተ ክርስቲያን፥ በወፍጮ ቤትና በታወቀ ሰው ግቢ ያመለክታል። ደንግጦ የሚደውል ሰው ደግሞ በአፉ የመጣለትን ቋንቋ ይናገራል፤ በጅማ ይህ ኦሮምኛ፥ አማርኛ፥ ዳውሮኛ፥ ከፍኛ ወይም የምኛ ሊሆን ይችላል። ስልክ የሚቀበለው ተረኛ ቢያንስ ሁለቱን አጣርቶ የሚሰማ መሆን ይገባዋል፤ ይህም በእኛ አስተያየት ከአንድ መሰላል ይበልጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ አለ። በገበያ ቀን ባጃጁ፥ ጋሪው፥ ጆንያ የተሸከመው ሰው፥ ለማየት የሚሮጠው ሕዝብ ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት፥ ብዙ መኪናና ብዙ ሠራተኛ ባለበት ከተማ እንኳ፥ ጠባብ መተላለፊያና የተጨናነቀ ሱቅ ሥራውን ምን ያህል እንደሚያከብደው አሳይቷል።

የጊዜው ሒሳብ ከከተማ ሲወጡ ይብሳል። ዕቃ በሞላበት ክፍል ውስጥ የተነሣ እሳት ክፍሉን በሙሉ አንድ ላይ ለማቀጣጠል ብዙ ጊዜ የሚፈጅበት ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ነው። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ውሃ የተሸከመ መኪና ጠመዝማዛውን መንገድ በአንድ ሰዓት ቢጨርስ ፈጥኗል። እንግዲህ ከጅማ የሚነሣ መኪና በአጋሮ የተነሣውን ቤት እሳት ሳይሆን የሰፈሩን እሳት ነው የሚያገኘው። ለእንደነዚህ ያሉት ከተሞች የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት የሚሸፍነው ሰው እዚያው ነዋሪ የሆነ መሆን አለበት። የመፈልፈያ ባለቤት በጓሮው ውሃ ያቆረ በርሜልና አነስተኛ መሳቢያ ቢያኖር፥ እድርተኛው ድንኳንና ድስት እንደሚያኖር ሁሉ ባልዲና መንጠቆ ቢያኖር፥ ከተማው የደረሰው መኪና የሚያጠፋው ነገር ይተርፈዋል። በየዓመቱ ከለቀማ በፊት ከጣቢያው አንድ ሁለት ሠራተኛ ወደ ቡና ከተሞች ወጥቶ ልምምድ ቢያሳይ ወጪው የመጓጓዣና የውሎ አበል ብቻ ነው። የተራራና የጫካ እሳት ሲሆን ደግሞ የመኪና ነገር ጨርሶ ይቀራል፤ በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ጫካዎች፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ተራሮች የተነሡት እሳቶች ከውጭ አገር ባለሙያ እስከ መጥራት ያደረሱ ሲሆኑ፥ ከፊት ሆኖ በቅጠልና በአካፋ የተዋጋው ግን የአገሩ ሕዝብ ነበር።

እሳቱ ጠፍቶ ሕዝቡ ሲበተን የሠራተኛው ሥራ ገና ግማሽ ነው። የወደቀው ቆርቆሮ ይነሣል፥ ኮርኒሱ ይፈርሳል፥ የጤሰው ጆንያ አንድ ባንድ ወደ ሜዳ ይወጣና ይቀደዳል፤ ያልተቀደደ ጆንያ በሌሊት እንደ ገና ሊነሣ ይችላልና ጠባቂ ይተዋል። ቦቴው ወደ ጣቢያው ሳይገባ ይሞላል። ቱቦዎቹ ጭቃና ፍም ስለነካቸው በብሩሽ ይታጠባሉ፥ የተበሳው ተለይቶ ምልክት ይደረግበታል፥ ጠርሙሶቹ ለመሞላት ይላካሉ። ቱቦ እርጥብ እንዳለ ከተጠቀለለ ሸራው ይሻግትና በሚቀጥለው ጊዜ በግፊት ይፈነዳል፤ ስለዚህ ከረዥም እንጨት ወይም ከማማ ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል። በቡና ወራት ፀሐይ ስላለ አንድ ቀን ይበቃዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን በጅማ ቱቦ ለማድረቅ ጣራ ያለው፥ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ይህ ከሌለ ጣቢያው ሁለት ሙሉ ድርድር ቱቦ እንዲኖረው ግድ ነው፤ አንዱ በመኪናው ላይ፥ አንዱ በእንጨቱ ላይ። የሚወጣው ተረኛ ስንቱ እንደ ደረቀ፥ ስንቱ እንደ ተሰቀለ በመዝገቡ ላይ ጽፎ፥ ጧት በሁለት ሰዓት ለሚገባው ያስረክባል።